ቀስቱን ብቻ አይመኑ፦ የድሮ ወታደራዊ የእጅ ሰዓት እውነተኛነት ደረጃ በደረጃ እንዴት ይመረመራል

የእንግሊዝ መንግሥት የንብረት ምልክት የሆነችው ባለ ሦስት ጭረት ቀስት ለመቅረጽ እጅግ ቀላል ናት። ትንሽ የመቅረጫ ማሽን ያለው ሰው ጀርባው ለስላሳ በሆነ ማንኛውም የሲቪል ሰዓት ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ያሰፍራታል፤ ሰዓቱም ወዲያው «ወታደራዊ» ይባልና ዋጋው ይወጣል። ገዢ ደግሞ ሰዓት ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። ፎርጅድ ሠሪዎች እንጀራቸውን የሚበሉት በዚህች ልማድ ነው።

ከጀርባው ጽሑፍ መጀመር ይቻላል፤ እዚያው መጨረስ ግን አይቻልም። ጽሑፉ ምስክር አይደለም፤ ምስክር የሚፈለግለት ቃል ነው። ምስክሮቹ አካሉ፣ በውስጡ ያለው ማሽን፣ የቁጥር ሰሌዳው፣ በጨለማ የሚያበራው ቀለምና ዓመታት የተዉት ጭረት ናቸው። ሥራው እነዚህ አምስቱ እርስ በርስ መስማማታቸውን፣ ካልተስማሙም አለመስማማታቸው በቂ ምክንያት እንዳለው ማጣራት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ማስተካከል

«ይህ ሰዓት ኦርጂናል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለወታደራዊ ሰዓት አይበቃም። ሠራዊት ሰዓትን የሚይዘው እንደማንኛውም መሣሪያ ነው፤ ሲበላሽ ወደ ጥገና ክፍል ይልካል፣ ያለውን መለዋወጫ ይገጥማል፣ መልሶ ያድላል። ሰሌዳው፣ ጠቋሚዎቹና መሙያው ከሦስት የተለያዩ ዘመናት የመጡ ሆነው ሳለ ሰዓቱ በአገልግሎት ዘመኑ አንድም ቀን ከሠራዊት እጅ ያልወጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው ከሚከተሉት አምስት መልሶች አንዱን መስጠት አለበት። አንደኛው፣ ታድሎ ከነፋብሪካ ክፍሎቹ የቆየ ሰዓት ነው። ሁለተኛው፣ ታድሎ በሠራዊቱ የጥገና ክፍል ክፍሎቹ የተቀየሩበት ነው። ሦስተኛው፣ በወታደራዊ መስፈርት ተሠርቶ ሳይታደል ለሲቪል ገበያ የወጣ ነው። አራተኛው፣ ከብዙ እውነተኛ ሰዓቶች ክፍሎች በቅርቡ የተገጣጠመ ነው። አምስተኛው የሲቪል ሰዓት ወይም አዲስ ብረት ላይ ምልክት የተቀረጸበት ፎርጅድ ነው። ጀማሪ የሚፈራው አምስተኛውን ነው፤ ልምድ ያላቸውን ሰዎች የሚያታልለው ግን አራተኛው ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲታይ እውነተኛ ነውና።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

አሥር እጥፍ የሚያጎላ የሰዓት ሠሪ መነጽር፣ እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ቀጭን መስኮት ያለው የጋይገር ቆጣሪ (ጨረር የሚለካ መሣሪያ)፣ ሦስት ጥርስ ያለው የክዳን መክፈቻ፣ የላስቲክ ጓንት፣ እርጥብ ወረቀትና የሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ያዘጋጁ። ርካሽ የሐምራዊ ብርሃን ባትሪዎች አብዛኞቹ 395 ናኖሜትር አካባቢ ናቸው፤ የራሳቸው ሐምራዊ ቀለም ሰሌዳውን ስለሚሸፍነው ውጤቱን ያሳስታል። የጋይገር ቆጣሪ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በወሬ የማይሸነገል መሣሪያ እሱ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመግዛትዎ በፊት የሚጠየቁ ፎቶዎች

ሻጩን ቢያንስ እነዚህን ይጠይቁ፦ ፊት ለፊት፣ የጀርባ ክዳን ከላይ፣ የጀርባ ክዳን ከጎን በሚመጣ ብርሃን፣ አራቱም የማሰሪያ ክንዶች በቅርበት፣ መሙያው፣ የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ፣ ማሽኑ ከነቁጥሩ፣ ሰሌዳው በአልትራቫዮሌት ብርሃንና ብርሃኑ በጠፋ በአምስተኛው ሰከንድ። ከጎን የሚመጣው ብርሃን የግድ ነው፤ ፊት ለፊት በተነሣ ፎቶ የቅርጽ ጥልቀት አይታይም። «ክዳኑን ለመክፈት መሣሪያ የለኝም» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የውስጡ ፎቶ እስኪመጣ ድረስ ግን ሰዓቱን የሚገምቱት እንደ ሲቪል ሰዓት ነው።

ደረጃ 2፦ ምልክቱን ማንበብ

እዚህ ላይ ሰፋ አድርገን እንሂድ፤ አብዛኛው ስህተት የሚያዘው በስሌት ነው፣ በመነጽር አይደለም።

የእንግሊዝ ሰዓቶች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ኃይሉ የበረራ አቅጣጫ መሪዎች (ናቪጌተሮች) ሰዓቶች የአየር ሚኒስቴር ምልክት የሆኑትን ኤ እና ኤም ፊደሎችና 6ቢ/159 የሚለውን የዕቃ ቁጥር ይዘዋል። ለእግረኛው ጦር ደግሞ ኤ.ቲ.ፒ. የተባሉት ሰዓቶች ታደሉ። ከዚያ በ1945 ተጠናቅረው የቀረቡት፣ በጀርባቸው ሦስት ደብልዩ የተጻፈባቸው ሰዓቶች መጡ። ሠሪዎቹ 12 ናቸው፦ ቡረን፣ ሲማ፣ ኤተርና፣ ግራና፣ አይ.ደብልዩ.ሲ.፣ ዤጀር-ለኩልትር፣ ሌማኒያ፣ ሎንጂን፣ ኦሜጋ፣ ሪከርድ፣ ቲሞርና ቨርቴክስ። ከእነዚህ ውጭ በሆነ ሰዓት ላይ ሦስቱን ደብልዩ ካዩ ፍለጋው እዚያው አለቀ። የጀርባው ጽሑፍ ቀስቱን፣ ሦስቱን ደብልዩ፣ የፋብሪካውን ተከታታይ ቁጥርና በፊደል የሚጀምር ወታደራዊ ቁጥር ይይዛል። የመነሻ ፊደሏ ከሠሪው ጋር ታስራለች፤ ለኦሜጋ ዋይ፣ ለቨርቴክስ ኤ፣ ለቲሞር ኬ ናት። የአንዱ ሠሪ ክዳን በሌላው አካል ላይ ሲጠበቅ ይህች ፊደል ታሳብቃለች።

ከጦርነቱ በኋላ የኔቶ የዕቃ ቁጥር መጣ፤ አሥራ ሦስት አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች የዕቃውን ክፍል ያሳያሉ፤ 6645 የጊዜ መለኪያዎች ክፍል ነው። ቀጣዮቹ ሁለት አኃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ 99 እንግሊዝ፣ 12 ጀርመን፣ 14 ፈረንሳይ፣ 21 ካናዳ፣ 66 አውስትራሊያ ነው። የቀሩት ሰባቱ የዕቃው መለያ ናቸው። በእንግሊዝ ሰዓት ላይ ከቁጥሩ ፊት የሚመጣው ቅጥያ የጦር ክፍሉን ይነግራል፤ ደብልዩ10 ምድር ጦር፣ 0552 ባሕር ኃይል፣ 6ቢቢ አየር ኃይል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ እዚህ አለ፦ የዕቃ ቁጥሩ የሚለየው ዕቃውን እንጂ ሠሪውን አይደለም። 923-7697 የጠላቂ ሰዓት ቁጥር ነው፤ በባሕር ኃይሉ ኦሜጋ ሲማስተር 300 ላይም፣ በ1970ዎቹ በታደለው ሮሌክስ ሰብማሪነር ላይም ይገኛል። ስለዚህ «ቁጥሩን ፈለግሁት፣ እውነት የሮሌክስ ነው» የሚለው መከራከሪያ ምንም አያረጋግጥም። ፎርጅድ ሠሪውም ያንኑ ቁጥር ነው ፈልጎ የገለበጠው።

ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ኮከብ የመሰሉበት ምልክት ካዩ አይደናገጡ፤ ዕቃው ከመንግሥት ንብረትነት ወጥቶ መሸጡን የሚያሳይ ነው። ቀስቷ በሲ ፊደል ውስጥ ከሆነች ሰዓቱ የካናዳ ነው፤ በሁለት ዲ ፊደሎች መካከል ከሆነች የአውስትራሊያ።

የአሜሪካ ሰዓቶች። የጦርነቱ ጊዜ የአቪዬሽን ሰዓት ኤ-11 ይባላል፤ ኤልጂን፣ ዋልተምና ቡሎቫ ሠርተውታል። ጥቁር ሰሌዳ፣ ከመሃል የሚነሣ የሰከንድ ጠቋሚ፣ 32 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ትንሽ አካልና መሙያው ሲሳብ ሰከንዱን የሚያቆም ማሽን አለው። ሰከንዱ የማይቆም ከሆነ ወይ ማሽኑ ተቀይሯል፣ ወይ የማቆሚያው ብረት ተሰብሯል፤ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ ሚል-ደብልዩ-46374 የተባለው መስፈርት ወጣ፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ የሚጨምር ፊደል አለው፤ ጀርባው ላይም ሰዓቱ የተሠራበት ወርና ዓመት ይጻፋል። ፊደሏ ከዓመቱ ጋር መሄድ አለባት። ሌላም ጥሩ ወጥመድ አለ፦ አሜሪካ እስከ 1974 የተጠቀመችው የአገር መለያ የሌለውን የአሥራ አንድ አኃዝ ቁጥር ነው። በጀርባው 1968 ተብሎ አሥራ ሦስት አኃዝ የተጻፈበት የአሜሪካ ሰዓት ራሱን በራሱ ይከሳል።

የጀርመን ሰዓቶች። ትልቁ የአየር ኃይል አቅጣጫ መሪዎች ሰዓት 55 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የሠሩት አምስት ናቸው፤ ላንገ፣ ቬምፐ፣ ላኮ፣ ስቶቫና አይ.ደብልዩ.ሲ.። በአካሉ ግራ ጎን ኤፍ.ኤል. 23883 ተቀርጿል፤ በክዳኑ ውስጥ ደግሞ የሞዴል፣ የማሽን ቁጥርና የሠሪ መረጃ ሰፍሯል። ሰከንዱ ከመሃል የሚነሣ ነው። በዚህ መጠን ቀርቦ ትንሽ የሰከንድ ክብ በጎኑ ያለው «የጀርመን አብራሪ ሰዓት» ካዩ፣ በውስጡ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ከኪስ ሰዓት የወጣ የሶቪየት ሞልኒያ ማሽን ነው። ለምድር ጦሩ የተሰጡት ትንንሽ ሰዓቶች በዲ እና በኤች ፊደሎች መካከል ቁጥር አላቸው፤ አካላቸው በአብዛኛው ክሮም የተቀባ ብረት፣ ክዳናቸው ስቴንለስ ነው። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ንስር የተሳለበት ሰዓት ደግሞ ለጦር ሜዳ አልተሠራም፤ ለገዢ ዓይን የተሠራ ነው።

የፈረንሳይ ሰዓቶች። የ1950ዎቹ ዓይነት 20 የሚባሉት የአብራሪ ክሮኖግራፎች (እንደ ሩጫ ሰዓት ጊዜ የሚለኩ ሰዓቶች) በክዳናቸው ላይ ኤፍ እና ጂ ፊደሎችን ተከትለው ቀናት ተደርድረዋል፤ የጥገና ዋስትና ማብቂያ ቀኖች ናቸው። ብዙ ቀን የተደረደረበት ክዳን በአገልግሎት ላይ የኖረ ክዳን ነው፤ የእጅ ጽሑፎቹና የአኃዝ ማኅተሞቹም ከቀን ቀን ይለያያሉ። ሁሉም ቀኖች በአንድ እጅ፣ በአንድ ጥልቀት ከተመቱ ይጠርጥሩ። በባሕር ኃይሉ ቱዶር ላይ ደግሞ ኤም.ኤን. እና ሁለት አኃዝ ያለው ዓመት ይገኛል። ለማንኛውም አለመጣጣም ሁሉ ክፉ አይደለም፦ ቪክሳ የተባለው የፈረንሳይ ክሮኖግራፍ ውስጥ የጀርመኑን የሃንሃርት ማሽን ሲያገኙ ትክክለኛውን አገኙ ማለት ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በካሣ መልክ የተወሰደ ነው።

ደረጃ 3፦ አካሉን መለካት

ስፋቱን ያለ መሙያው፣ ከዚያ የማሰሪያ ክንዶቹን ክፍተት ይለኩ። የኤ-11 ክፍተት 16 ሚሊ ሜትር ነው፣ የማርክ 11 (የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰዓት) እና የስሚዝስ ደብልዩ10 (የእንግሊዝ ምድር ጦር ሰዓት) 18 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ የማሰሪያውን ፒኖች ይመልከቱ። በብዙ ወታደራዊ ሰዓቶች ላይ ፒኑ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ቋሚ ብረት ነው። ለእንግሊዝ የታደለው ሮሌክስ ሰብማሪነር ቋሚ ፒን፣ ሰፊ የሰይፍ ቅርጽ ጠቋሚዎች፣ በክብ ውስጥ ያለች ቲ ፊደልና ስልሳውም ደቂቃ የተሰመረበት ቀለበት አለው። በሲቪሉ ሰዓት ላይ ፒን አስገብቶ መበየድ ቀላል ስለሆነ፣ መጋጠሚያውን በመነጽር ይፈትሹ፦ የብየዳ ጎርፍ፣ የቀለም ለውጥ ወይም በክንዱ ውጫዊ ጎን የተደፈነ የድሮ ቀዳዳ ካለ ፒኑ ኋላ የመጣ ነው።

የአከፋፈቱ ዓይነትም ይናገራል። ከ1973 እስከ 1976 የተሠራው የሃሚልተን ደብልዩ10 አካል አንድ ወጥ ነው፤ ማሽኑ የሚወጣው መስታወቱ ተነሥቶ ከፊት በኩል ነው። ክዳኑ በጥርስ የሚፈታ ሃሚልተን ደብልዩ10 ካመጡልዎ ሌላ ሰዓት ነው ያመጡልዎ። ስሚዝስ ደብልዩ10 ደግሞ ከ1967 እስከ 1970 የተሠራ ሲሆን ክዳኑ በጥርስ የሚፈታ ነው። ማሰሪያው ግን ምንም አያረጋግጥም፤ በደቂቃ ይቀየራልና።

በአብረቅራቂ ሁኔታ የተወለወለ አካል ሌላ አደጋ ነው። የክንዶቹ ጠርዝ ከለሰለሰ፣ የክዳኑ ጽሑፍ ከዳር ከዳር ከቀጠነ ሰዓቱ ፎርጅድ ሆነ ማለት ባይሆንም፣ በደረጃ 6 የምንፈልገው ማስረጃ ተፍቆ ሄዷል።

ደረጃ 4፦ ከፍቶ ማሽኑን ማየት

የሚያበራ ቀለም ያለውን ሰዓት ከመክፈትዎ በፊት ደረጃ 5ን ያንብቡና በጋይገር ይለኩ። ክዳኑን ሲከፍቱ ሦስቱ ጥርሶች በየጎድጓዱ ሙሉ በሙሉ መግባታቸውን አረጋግጡና ወደ ታች እየገፉ ያዙሩ። ጥርሱ ሲንሸራተት የሚተወው ጭረት ጽሑፉን አቋርጦ ያልፋል፤ ዋጋም ያሳጣል፣ ማስረጃም ያጠፋል። እንቢ ካለ ኃይል አይጨምሩ፤ ለሰዓት ሠሪ ይስጡት።

ማሽኑ ላይ ሦስት ነገር ያንብቡ፦ የሠሪው ስም፣ የማሽኑ ዓይነት ቁጥርና ተከታታይ ቁጥሩ። የማሽኑ ዓይነት ቁጥር ብዙ ጊዜ ከሚዛን መንኰራኵሩ ሥር ወይም ድልድዩ ላይ ነው። በሦስት ደብልዩ ሰዓቶች ውስጥ የሚጠበቁት ታውቀዋል፤ ኦሜጋ 30ቲ2፣ አይ.ደብልዩ.ሲ. 83፣ ዤጀር-ለኩልትር 479፣ ሎንጂን 12.68ዜድ፣ ቨርቴክስ 59። በማርክ 11 ውስጥ አይ.ደብልዩ.ሲ. 89 ወይም ዤጀር-ለኩልትር 488 መገኘት አለበት፤ ማሽኑንም ከመግነጢስ የሚከላከል የለስላሳ ብረት ሽፋን ይከባዋል። ሽፋኑ ከጠፋ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ተፈታትቶ ያለአዋቂ ተገጥሟል።

የማሽኑን ተከታታይ ቁጥር ከፋብሪካው የዓመታት ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩ። ማሽኑ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ዓመት በጥቂት ቢቀድም የተለመደ ነው፤ ፋብሪካ ማሽን ሠርቶ ያስቀምጣል። ክዳኑ ካለው ዓመት በአሥር ዓመት የሚዘገይ ማሽን ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ማሽኑን የያዙትን ብሎኖችና ቀለበትም ይዩ፤ ከሌላ አካል የመጣ ማሽን ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ቀለበት ወይም የተሞረደ ጠርዝ አለው፣ መሙያውም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነብላል። ሰዓቱ በትክክል መሄዱ ግን ስለ እውነተኛነቱ ምንም አይናገርም፤ በደንብ የሚሄድ ፎርጅድ ሞልቷል።

ደረጃ 5፦ ሰሌዳውና የሚያበራው ቀለም

እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሚያበራው ቀለም ራዲየም ነበር። ከዚያ በኋላ ትሪቲየም ተተካ፤ በእንግሊዝ ሰዓቶች ላይ በክብ ውስጥ ባለች ቲ ፊደል ይታወቃል። በ1990ዎቹ ደግሞ ጨረር የሌላቸው አዳዲስ ቀለሞች መጡ። የፊዚክሱ ልዩነት ለእኛ ትልቅ ስጦታ ነው። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 1,600 ዓመት ያህል ነው፤ የ1945 ሰሌዳ ዛሬም ጨረሩን እንደያዘ ነው። የማያበራው ጨረሩ አልቆበት አይደለም፤ ከጨረሩ ጋር የተቀላቀለው ዚንክ ሰልፋይድ ስለተቃጠለ ነው። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ ግን 12.3 ዓመት ብቻ ነው፤ ጨረሩም ደካማ ስለሆነ በመስታወቱ አያልፍም።

አለካኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን ሌላ ክፍል አስቀምጠው ቆጣሪውን ለአምስት ደቂቃ ያስኪዱና የአካባቢውን መደበኛ ንባብ ይመዝግቡ። ከዚያ የቆጣሪውን መስኮት መስታወቱ ላይ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይያዙና እንደገና አምስት ደቂቃ ይለኩ። በጀርባው በኩል አይለኩ፤ ብረቱ አብዛኛውን ያግደዋል። ውጤቱ እንዲህ ይነበባል፦

የ1945 ሰዓት፣ ቲ የሌለው ሰሌዳ፣ ከፍተኛ ንባብ፦ የሚጠበቀው ይህ ነው።
የ1945 ሰዓት፣ ቲ የሌለው ሰሌዳ፣ መደበኛ ንባብ፦ ቀለሙ ተፍቆ እንደገና ተቀብቷል ወይም ሰሌዳው አዲስ ነው።
የ1945 ሰዓት፣ ቲ ያለው ሰሌዳ፣ መደበኛ ንባብ፦ ሠራዊቱ የራዲየም ሰሌዳዎችን ሲቀይር የተገጠመ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም።
ቲ ያለው ሰሌዳ፣ ከፍተኛ ንባብ፦ ወይ ጠቋሚዎቹ የድሮ ራዲየም ናቸው፣ ወይ ቲዋ ኋላ የታተመች ናት። ቆጣሪውን ቀስ ብለው በማንቀሳቀስ ጨረሩ ጠቋሚዎቹን ይከተል እንደሆነ ይዩ።

ቀጥሎ በጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራቫዮሌቱን ለአሥር ሰከንድ አብርተው ያጥፉ። ያረጀ ራዲየም ወይም ትሪቲየም ወዲያው ወይም በጥቂት ሰከንዶች ይጠፋል። ለብዙ ደቂቃ ደምቆ የሚቆይ ቀለም ዘመናዊ ነው። ነጥቦቹና ጠቋሚዎቹ በተለያየ ቀለም ካበሩ ከተለያየ ምንጭ መጥተዋል።

ለጥንቃቄ፦ የራዲየም አደጋ ያለው በአቧራው ነው። ሰሌዳውን አይፋቁ፣ በአፍ አይንፉበት፣ በብሩሽ አይጥረጉ። ጓንት ያድርጉ፣ እርጥብ ወረቀት ላይ ይሥሩ፣ ወረቀቱን በከረጢት ያሽጉ፣ እጅዎን ሳይታጠቡ አይብሉ። ብዙ የራዲየም ሰዓት ያለው ሰው አየር በሚገባበት ቦታ ያስቀምጥ፤ ራዶን ጋዝ ይወጣቸዋል።

አሁን ሕትመቱን በመነጽር ይዩ። በፋብሪካ የታተመ ፊደል ጠርዙ የጠራ፣ ቀለሙም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በእጅ የተደገመ ሰሌዳ የሚታወቀው በደቂቃ መስመሮች ነው፤ ክቡን ተከትለው ሲሄዱ አንድ ቦታ ይጨናነቃሉ ወይም ከቁጥሩ መሃል ይሸሻሉ። የራዲየም ጠቋሚ ለዓመታት አንድ ቦታ ከቆመ ሥሩ ባለው ሰሌዳ ላይ የተቃጠለ ጥላ ይተዋል። ያ ጥላ ከጠቋሚው ቅርጽ ጋር ከገጠመ ደስ የሚል ማስረጃ ነው፤ ፎርጅድ ሠሪ እምብዛም አያስበውምና።

ደረጃ 6፦ ቅርጹን በመነጽር መክሰስ

አሁን ወደ ጀርባው እንመለስ። ብርሃኑን ከጎን ዝቅ አድርገው ይያዙ። የሚፈልጉት መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ነው፦ ጭረቱ ነው የቀደመው ወይስ ፊደሉ? በእውነተኛ ሰዓት ላይ የአጠቃቀም ጭረት የፊደሉን ጠርዝ አቋርጦ ያልፋል፣ ጠርዙንም ያጥፈዋል። በቅርብ በተቀረጸ ክዳን ላይ የድሮው ጭረት ፊደሉ ጋ ሲደርስ ድንገት ይቋረጣል፣ ማዶ ላይ ይቀጥላል፤ የፊደሉ ጠርዝ ግን ስለታም ነው።

ሁለተኛው ዘዴው ነው። በማኅተም የተመታ ፊደል በዙሪያው ያለውን ብረት ትንሽ ያብጠዋል። በሚሽከረከር መቅረጫ የተሠራ ፊደል ጅማሬውና ፍጻሜው ክብ ነው። ሌዘር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጥልቀት ያለው፣ ወለሉ በነጥብ ነጥብ የቀለጠ የሚመስል መስመር ይተዋል፤ የ1945 ክዳን ላይ ሌዘር ካገኙ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ሦስተኛው ቆሻሻው ነው፤ ዓመታት የጠቀጠቁት ቆሻሻ በየማዕዘኑ ደርቆ የሚቀር ሲሆን፣ ለማስመሰል የተቀባ ጥቁር ቀለም ግን በጥርስ እንጨት ይነሣል። ሙከራውን በአንድ ፊደል ጥግ ብቻ ያድርጉት፤ ሙሉ ጽሑፉን ማጽዳት ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ክሮም በተቀባ አካል ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ክሮሙ ቅርጹ ውስጥ ገብቷል ወይ? ውስጡ ገብቶ ያማረ ከሆነ፣ ወይ ከቅርጹ በኋላ የተቀባ የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ወይ ሰዓቱ በቅርቡ እንደገና ተቀብቷል። ክንዶቹ ላይ ያለው የክሮም መበላት የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል።

ደረጃ 7፦ መዝገብ ቤት

አንዳንድ የስዊስ ፋብሪካዎች በተከታታይ ቁጥር ተመርኩዘው ከመዝገባቸው መረጃ ይሰጣሉ፤ ሎንጂን በዚህ ይታወቃል። የሚነግሩዎ ሰዓቱ መቼ ተሠርቶ ወደየት እንደተላከ ነው። በማን እጅ እንደታሰረ አይነግሩም፤ «የእገሌ መኮንን ሰዓት» የሚል ታሪክ ከዚያ አይወጣም። የመዝገብ ወረቀት ሲቀርብልዎ ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ማሽኑ ቁጥር መሆኑን አይርሱ፤ ስለ ሰሌዳውና ስለ ክዳኑ ዝም ብሏል። በ2021 በጄኔቫ ጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ የተሸጠ ኦሜጋ ስፒድማስተር ከተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑ በ2023 ይፋ ሆኗል፤ የድርጅቱ የቀድሞ ሠራተኞችም እጃቸው እንዳለበት ኦሜጋ ራሱ ተናግሯል። ወታደራዊ ሰዓት ባይሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው።

ውጤቱን መመዘን

አንድ ሰዓት እናስብ፦ ኦሜጋ፣ ጀርባው ላይ ቀስት፣ ሦስት ደብልዩ፣ በዋይ የሚጀምር ቁጥር። ማሽኑ 30ቲ2፣ ተከታታይ ቁጥሩም በ1940ዎቹ አጋማሽ የሚወድቅ ነው። ሰሌዳው በክብ ውስጥ ቲ አለው፣ ጋይገሩ መደበኛ ነው፣ ቀለሙ በአልትራቫዮሌት አብርቶ ወዲያው ይጠፋል፣ ጭረቱም ፊደሎቹን አቋርጦ ያልፋል። ሰሌዳው ከሰዓቱ ቢያንስ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ቢሆንም ፍርዱ «ሁለተኛው ዓይነት፣ በሠራዊት የተጠገነ» ነው።

ያንኑ ሰዓት ያለ ቲ፣ ንጹሕ በሆነ «የፋብሪካ» ሰሌዳ፣ ጋይገሩ ምንም ሳይቆጥር ቢያመጡልዎስ? ለዓይን ይበልጥ ያማረ፣ ለዋጋም የተሻለ ይመስላል። ግን የ1945 ራዲየም ሊኖርበት ሲገባ የለም። እዚህ ላይ ሰሌዳው ተደግሟል ወይም አዲስ ነው፤ አካሉና ማሽኑ እውነተኛ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሰዓቱን መጣል አያስፈልግም፣ ዋጋው ግን እንደ ሁለተኛው ዓይነት እንኳ ሊታሰብ አይገባም።

ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ገጽ ይክፈቱ። አካል፣ ክዳን፣ ማሽን፣ ሰሌዳ፣ ጠቋሚና ቀለም ብለው ስድስት መስመር ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ፊት የተገኘውን ዓመትና ያንን ዓመት ያገኙበትን ምክንያት ያስፍሩ። ምክንያቱ «ሻጩ እንዳለው» ከሆነ መስመሩን ባዶ ይተዉት። የጋይገር ንባቦቹን ከነቀኑ፣ ፎቶዎቹንም ከነብርሃኑ አቅጣጫ አብረው ያስቀምጡ፤ ሰዓቱ በሌላ ጊዜ በሌላ ሻጭ እጅ በአዲስ ሰሌዳ ተመልሶ ብቅ ሲል የሚያስታውሰው ያ ገጽ ብቻ ነው።